ጋጋሪው ከኋላ ይቀመጣል

ዳቦ ጋጋሪው ወደ ጋራዡ በመጣበት ቀን፣ ከራሱ ቀድሞ የደረሰው የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። በሩ ላይ ሲደርስ አንዴ ተኮሰና ጠፋ።

የጋራዡ ባለቤት ከወንበሩ አልተነሳም። ለማንም ደንበኛ ተነስቶ አያውቅም። የሞተርን ሕመም ሳይፈታ በድምፁ ብቻ ስለሚያውቅ ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል፤ እሱም ቅጽል ስሙን በደስታ ተቀብሎት ይኖራል።

«ምን ቀየርክበት?» አለው።

«ማርሚታውን። የአየር ፊልትሮውንም በክፍት ለወጥኩት።»

«ለምን?»

ጋጋሪው ትንሽ አፈር አለ። «ድምፁ ደስ ብሎኝ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው የድሮውን መልስለትና በሰላም ሂድ» ብሎ ጆሮ ፊቱን አዞረ።

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። የጆሮ ልጅ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ነክቶታል። ከአባቷ ሙያውንም ግትርነቱንም ሳታጎድል ወርሳለች። ደንበኛ ሁሉ ቤንዚን ለመቆጠብ ነው፣ ጉልበት ለመጨመር ነው እያለ ሲያስረዳ ነው የኖረው፤ ደስ ብሎኝ ነው የሚል ሰው ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምንም እንዳትመልስ» አለችው። «ሞተርህ ጤነኛ ነው። አየሩ እንደ ልብ ይገባለታል፣ ጭሱም እንደ ልብ ይወጣለታል፤ ቤንዚኑ ግን አሁንም በድሮው ልክ ነው የሚረጭለት። ቤንዚኑን የሚለካው የሞተሩ ኮምፒውተር መቀየርህን የት ያውቃል? የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።»

«ማን ነው የሚነግረው?»

«እኔ ነኛ።»

ቀና ብሎ አያት። ቅንድቡ ላይ የቀረ ዱቄት ነበረ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም፤ ትንሽ ቆይታ ነው ወደ ሥራዋ የተመለሰችው። ጆሮ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቢቀመጥም ዝምታውን ሰምቶታል።

ሥራው ቆሞ የሚሠራ አልነበረም። ሞተሩ ዳገት ላይ ጭነት ሲሸከም ነው ጉድለቱ የሚታየው። ስለዚህ ላፕቶፕ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዞ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ቁጥሩን ያነባል፤ ከዚያ ቆም ብለው ቤንዚኑን ይጨምራሉ ወይ ይቀንሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ማርሚታውን ፈትታ አየችና በጥድፊያ መልሳ ገጠመችው፤ ከዚያ እሱ ነዳ፣ እሷ ከኋላ ተቀመጠች። ሲመለሱ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

«ሥራ ነው አባዬ» አለች፣ ሳትጠየቅ።

«ሥራ እንደዚህ አያስቅም» አለ ጆሮ። «ስሚኝ። ከወንድ ጀርባ ተለጥፋ አደባባይ የምትታይ ልጅ የለችኝም። ሁለተኛ ከኋላው ብትቀመጪ እዚህ ጋራዥ እግርሽ እንዳይገባ።»

ነገሩ አንገበገባት። ካቻቪቴ መያዝ የተማረችው እዚያ ጣሪያ ሥር ነው፤ አባቷ ሲደክም በሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ እንደምትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታስብ ኖራለች። ያንን ዱቄታም ሰውም ወዳዋለች፤ ለራሷ አልዋሸችም። አንዱን ምረጪ መባሏ ነው ያናደዳት።

በማግስቱ ጋጋሪው ሲመጣ ሄልሜቷን አጥልቃ ጠበቀችው።

«ቁልፉን አምጣ። ዛሬ አንተ ነህ ከኋላ።»

«እኔ? ላፕቶፑን ማን ያነበዋል?»

«አንተ ታነበዋለህ። ሊጥ ሲደርቅና ሲቀጥን ታውቅ የለ? ይሄም ያው ነው። ቤንዚን ሲያንስ ደረቀ በለኝ፣ ሲበዛ ቀጠነ በለኝ።»

በአባቷ ወንበር ፊት ለፊት ቀስ ብላ አለፈች። ጋጋሪው ላፕቶፑን በአንድ እጁ አቅፎ፣ በሌላው ጃኬቷን ጨብጦ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ለጆሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

«ከወንድ ጀርባ አልተቀመጥኩም አባዬ» አለች።

ጆሮ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮም አኮረፋት።

ሥራው ግን እምቢ አለ። ዳገቱን በወጡ ቁጥር ጋጋሪው ከኋላ «ደርቋል» ይላል፤ ቆማ ትጨምራለች፤ እንደገና «ደርቋል» ይላል። ስትጨምር ስትጨምር ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። የሰፈር ሰው በመስኮት ብቅ እያለ ይስቅባቸው ነበር፣ አባቷም እስክትሸነፍ እየጠበቀ እንደሆነ ገብቷታል።

«ይቅር በቃ» አላት ጋጋሪው፣ ዳገቱ አናት ላይ ቆመው። «የድሮውን ልግጠምና ከአባትሽ ታረቂ። ለኔ ስትዪ ጋራዡን እንዳታጪው።»

«ለአንተ ስል መሰለህ? ለራሴ ነው» አለች። «አንተንም የፈለግኩህ ለራሴ ነው። ማንንም ደስ ለማሰኘት ብዬ አልተውህም።»

ጋጋሪው ላፕቶፑን አነሳና ወጥቶ ከኋላ ተቀመጠ።

«እንግዲያው እዚሁ ነኝ» አለ። «እስክታወርጂኝ ድረስ።»

«አላወርድህም።»

በነጋታው ጠዋት ሞተሩን በብርዱ ስታስነሳው ጆሮ የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ መለሰ። ሊታገስ ሞከረ፤ እግሩን አነባብሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። አልቻለም።

«የማርሚታው መጋጠሚያ ያስተነፍሳል» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

ልጅቷ ጆሮዋን ወደ ማርሚታው አስጠጋች። እውነትም ቀጭን ቲክ ቲክ አለ፤ ሲሞቅ በሞተሩ ጩኸት የሚዋጥ። ጭሱን አሽትቶ ለኮምፒውተሩ የሚያወራው ሴንሰር ከመጋጠሚያው ቀጥሎ ነው የተቀመጠው፤ በቀዳዳው የሚገባውን የውጭ አየር እየማገ ደረቀ ሲል ከርሟል፣ እሷም አምናው ጤነኛውን ሞተር ቤንዚን ስታጠጣ ሰንብታለች።

«መጋጠሚያው ላይ አሮጌውን የመዳብ ቀለበት ነው መልሰሽ የገጠምሽው» አለ ጆሮ። «ማን ነው እንደሱ ያስተማረሽ?»

«ቸኩዬ ነው አባዬ።»

«የቸኮልሽበትንማ አየሁት» ብሎ ከመሳቢያው አዲስ ቀለበት አውጥቶ ወረወረላት።

ገጥማ ጨረሰችና እጇን እየጠረገች ቆመች።

«አሁንም የምነዳው እኔ ነኝ» አለችው። «እሱም ከኋላ ይቀመጣል፤ ዛሬም፣ ከዛሬ በኋላም። ጋራዡን አልለቅም፣ እሱንም አልለቅም። አንዱን ምረጪ እንዳትለኝ፣ አልመርጥም።»

ጆሮ ሻዩን ጠጣ።

ዳገቱ ላይ ጋጋሪው መጀመሪያ «ቀጥኗል» አለ፤ ቆማ ቀነሰች። እንደገና «ቀጥኗል» አለ፤ እንደገና ቀነሰች። ከዚያ እስከ አናቱ ድረስ የጋጋሪው ድምፅ አልተሰማም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«የምለው የለኝም» አላት። «ልክ ሆኗል።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነዳጁን ለቀቀችው፤ አንድም አልተንጣጣም። ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፁ ብቻ ከፊታቸው እየቀደመ ወረደ። ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ጆሮ ተነስቶ መንገዱ ዳር ቆሟል።

«አንተ፣ ውረድ» አለው ጋጋሪውን።

ጋጋሪው ልጅቷን አየ፣ አባቷን አየ፣ ወረደ። እሷ መያዣውን ጨብጣ አልተነቃነቀችም፤ ለክርክር ተዘጋጅታለች።

ጆሮ ኮቱን ሰብስቦ፣ ሰፈር ሁሉ በመስኮት እያየው፣ ከሴት ልጁ ጀርባ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ከላይ እስከ ታች ልስማው፤ ንጂ» አላት። ከዚያ አንገቱን ወደ ጋጋሪው መለስ አድርጎ፣ «አንተ ደግሞ እስክንመለስ ጋራዡን ጠብቅ» አለው።