የአልጋ ቁጥር አስራ አንድ ዘረፋ

አልጋ ቁጥር አስራ አንድ ራቁቱን ተገኘ።

ፍራሽ የለም። ብርድ ልብስ የለም። ከሥሩ የነበረችው የእንጨት ሳጥን የለችም። ጫማ የለም። አንድ ዓይና የጨርቅ አሻንጉሊት እንኳ የለችም። የቀረው የአልጋው ርብራብ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሌባው ጊዜ አጥሮት እንጂ አይተወውም ነበር።

ጉድ የሚያሰኘው፣ የቀሩት ሠላሳ አንድ አልጋዎች እንደተነጠፉ ናቸው። አንዷን ብቻ እንደ ዶሮ ነጭተዋት ሄደዋል።

የተፈጸመው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹ ቁርስ ላይ ሳሉ ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ።

ኢንስፔክተሩ ሲጠራ እጁ እስከ ክርኑ የሽንት ጨርቅ ገንዳ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ኢንስፔክተር የነበረው በአገሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ወንጀል ሲመረምር ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ በዚህ የሕፃናት ማሳደጊያ ሊያገለግል መጣ። «ምን ይችላሉ?» ሲሉት «ወንጀለኛ መያዝ» አለ። «እሱ እዚህ የለም» ብለው ልብስ ማጠቢያውን ሰጡት። ጢሙ ለጉድ ነው። በር ሲከፍት ጢሙ ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይይዝለታል ይባላል።

«ጋሼ፣ ይኸው ሥራዎን አገኙ» አለችው ኃላፊዋ። ደወል ከእጇ ስለማይለይ ቤቱ በሙሉ እትዬ ደወል ይላታል።

«በሩ ላይ ማን ነበር?»

«ሞግዚቷ። እንደ ሁልጊዜው ደፉ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ስታጣጥፍ ነበር። ማንም አልገባም ትላለች።»

«ሌላ በር?»

«የለም። መስኮቱም ፍርግርግ አለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደንቡን ያውቁታል። የልጅ ንብረት ከጠፋ የክፍሉ ጠባቂ በዚያው ቀን ይሰናበታል። ስድስት ሰዓት ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ይመጣሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ያረጀች ሴት ናት ጋሼ። እስከዚያ ካልተገኘ ሻንጣዋን ይዛ መውጣቷ ነው።»

«የአልጋዋ ባለቤትስ?»

እትዬ ደወል ፊቷን አዞረች።

የአልጋዋ ባለቤት የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ጥያቄ ይሏታል። ዝናብ ለምን ወደ ላይ አይዘንብም? ጢምህ ሲተኛ የት ይተኛል? ስትጠይቅ ውላ ስትጠይቅ ታመሻለች። ሁለት ጊዜ ቤተሰብ ወስዷት ሁለት ጊዜ መልሷታል። በዚህ ቤት ደግሞ አንድ ልጅ ሊሄድ ሲል አልጋው ይገፈፋል፤ ይህን ሕፃናቱ በሙሉ ያውቃሉ። ጫማ የሚደረገው ከቁርስ በኋላ ነው፤ ጥያቄ ስትመለስ ርብራቡን አየች። ምንም አልጠየቀችም። በካልሲዋ ወጥታ የግቢው በር ሥር ተቀመጠች።

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ከእትዬ ደወል ፊት አሸሸ።

ምክንያቱም ጫማዎቹ በእሱ አልጋ ሥር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስቱ በጎ ፈቃደኞች፣ እሱ፣ መዝሙር መሪው፣ አናጢው፣ ልብስ ሰፊዋና ነርሷ፣ ቀናቸውን በጸሎት ይጀምራሉ። ከዚያ ሠላሳ ሁለት ፊት ማጠብ፣ ስድሳ አራት ጫማ ማሰር፣ በአንድ ቢጫ ኩባያ የሚጣሉ ሰባት ልጆችን ማስታረቅ ነው። በየወሩ ደግሞ ጸልየው ዕጣ ይጥላሉ፤ የምስጢር ወዳጅ ይሉታል። በወረቀቱ ላይ የአልጋ ቁጥር አለ። ለዚያ ልጅ አንድ መልካም ነገር በድብቅ ታደርጋለህ። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓቱ ሻይ ላይ እስኪገለጥ ድረስ ትንፍሽ አትልም። ኢንስፔክተሩ አስራ አንድ ቁጥር ደረሰው። ማስረጃ እንዳይተው ብሎ ወረቀቱን በላው። ከዚያ ወሩን ሙሉ ዘነጋውና በመጨረሻው ጠዋት ትዝ አለው።

የጥያቄ ጫማ አፉን ከፍቶ ነበር። ወሰደው፣ በማጣበቂያ ለጥፎ ድንጋይ ጫነበት።

«ማንም አልገባም» ትላለች ሞግዚቷ። እንዴ! እሱ ራሱ ገብቷል። «መነጽሬን ረስቼ ነው» ብሏት ነው ያለፈው። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ ሲወጣም «አገኙት?» ብላ ፈገግ ብላለች።

ጫማው የእኔ፣ የቀረው የሌባው፤ ሲል ደመደመ። ግን ይህች ሴት ስለ እኔ ከዋሸች፣ ስለ ማን ነው ሌላ የምትዋሸው?

ሄዶ ደፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ሞግዚቷ በየጊዜው ከሚመጡት በጎ ፈቃደኞች አፍ የእነሱን ቋንቋ ለቃቅማ፣ አሁን ከነሽሙጡ ትናገረዋለች።

«እማማ፣ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«እኔስ?»

«እርስዎ መነጽር ፍለጋ ነው። እሱ መግባት አይባልም።»

«ሌላ መነጽር የጠፋው ሰው ነበር?»

«እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ?»

«እማማ፣ በዚህ በር ፍራሽ አልፏል። ፍራሽ ቁንጫ አይደለም።»

«ልብስ ሳጣጥፍ አንገቴን አላቀናም።»

አላለቀሰችም። የሕፃን ቀሚስ አጥፋ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሊያባርሩዎት ነው።»

እጇ ቆመ። «ስድስት? ሻዩ ዘጠኝ ሰዓት አይደለም እንዴ?»

«ሻዩ እዚህ ምን አገባው?»

«ምንም» አለችና ሌላ ቀሚስ አነሳች።

ኢንስፔክተሩ ግራ ገባው። ግራ ሲገባው ዘበኛ መጠየቅ የሠላሳ ዓመት ልማዱ ነው።

«ዛሬ ከግቢ ምን ወጣ?»

«የዳቦ መኪና» አለ ዘበኛው።

መኪናው ገና የመንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተሩ ካልቾ በሚያህል ኃይል የኋላ በሩን በረገደው። ዳቦ ነው። ሥሩን ቆፈረ። ዳቦ ነው። «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ሲል ባለመኪናውን አፋጠጠው።

«ዳቦ ነው አባቴ። ራበዎት?»

አንዱን ሰጠው። መርማሪው ዳቦውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰና የግቢው በር ሥር ጥያቄን አገኛት። ጉልበቷን አቅፋ መንገዱን ታያለች። ቆርሶ ሰጣት። አልተቀበለችውም።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«መኪናውን።»

«ማንም አይወስድሽም እኮ።»

«አልጋዬን አንስተውታል» አለች፤ እንዳዋቂ፣ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን እንደምታስረዳ። ከዚያ እግሯን አየች። «ጋሼ ጢሙ፣ ጫማ የለኝም። ያለ ጫማ ይቀበሉኛል?»

ኢንስፔክተሩ ነፍሰ ገዳዮች ፊት ቆሞ ዓይኑን ያላርገበገበ ሰው ነው። አሁን ግን ደጋግሞ አርገበገበ።

ምስጢርም ቃልም ገደል ይግባ ብሎ ጫማውን ሊያመጣ ሮጠ። በሕንፃው ጀርባ ሲያቋርጥ ነጭ ነገር አፍንጫው ላይ አረፈ። ጥጥ ነው። ቀና አለ። ከጣሪያው ሰገነት ላይ ጥጥ እንደ በረዶ ይወርዳል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

መዝሙር መሪው ወጣት ከጥጥ ክምር መካከል ተቀምጧል። ፀጉሩ ጥጥ፣ ቅንድቡ ጥጥ፤ በአንድ ጠዋት ሰማንያ ዓመት የሞላው መስሏል። አጠገቡ የተቀደደ ፍራሽ።

«እጅህን ወደ ላይ!»

«ጋሼ! ፍራሹን ብቻ ነው! ሌላውን አላውቅም፣ አምላኬን!»

«ለምን ወሰድክ?»

«አልናገርም። ቃል አለብኝ።»

«የምን ቃል? የምስጢር ወዳጅ?»

ወጣቱ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጥጥ መጠራረግ ያዘ።

«ስንት ቁጥር ደረሰህ?»

«…አስራ አንድ። ፍራሿ ቋጥኝ ሆኖባት ነበር፤ ጥጡን ላፍታታላት ብዬ ነው። ብርድ ልብሱ ባይኖርም ሊታጠብ የሄደ መሰለኝ።»

«አስራ አንድ የኔ ቁጥር ነው!»

ሁለቱ እንደ ሁለት ድመት ተፋጠጡ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሠላሳ ዓመት መርማሪ ነኝ ይላል፤ ጫማውን ሲያነሳ ሳጥኑ አጠገቡ አለመኖሩን እንኳ አላየም!

ዕጣ የጣሉትን የቀሩትን ሦስቱን መያዝ የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። አናጢው ጓዳ ውስጥ የሳጥኗን ማጠፊያ ሲያስር ተያዘ። ልብስ ሰፊዋ በብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ አበባ ስትጠልፍ፣ መርፌው አፏ ውስጥ እንዳለ ተያዘች። ነርሷ የክሊኒኩን በር ቆልፋ ነበር።

«ይክፈቱ!»

«አልችልም፣ ቀዶ ጥገና ላይ ነኝ!»

እውነቷን ነው። አሻንጉሊቷ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ሁለተኛ ዓይን እየተሰፋላት ነበር።

እያንዳንዳቸው «እኔ አንዷን ብቻ ነው፣ ሌባው ሌላውን ነው» ይላሉ። እያንዳንዳቸው ልባቸው ውስጥ ሌባውን ሲረግሙ ነው ያረፈዱት። አምስቱም የመጨረሻ ቀን ሰዎች ናቸው።

ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ፣ ወረቀቶቹ በእትዬ ደወል ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። አራት ናቸው። «አምስተኛው በሆዴ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። አስራ አንድ፣ አስራ አንድ፣ አስራ አንድ፣ አስራ አንድ። ጽሑፉ የአንድ ሰው እጅ ነው።

«ዕጣውን የሚጽፈው ማን ነው?»

እትዬ ደወል መልሱን ከመናገሯ በፊት ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ሞግዚቷ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ዕጣ እኮ ጸልየን ነው የምናወጣው እማማ!» አለች እትዬ ደወል።

«እኔም ጸልያለሁ እትዬ። ልጆቹ ሠላሳ ሁለት፣ የሚወጣው ወረቀት አምስት። ስድስት ወር ሙሉ የእሷ ዕጣ አንድ ቀን አልወጣም። ሁለት ጊዜ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ዕጣም ሲያልፋት ትቆጥራለች። አምላኬ ሆይ፣ የዚህን ወር እንኳ አደራህን አልኩት። መልሱ ሳይመጣ የዕጣው ቀን ደረሰ። እርሳስ በእጄ ነበር።»

ሻንጣዋን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች።

«አምስት ሰው አምስት ከረሜላ ይሰጣታል ብዬ ነበር። አንዱ ሲገባ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ሲገባ ሳቄን አፈንኩ። ፍራሹ ሰው ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ ግን ልቤ ቀጥ አለ። ብናገር የእናንተ ምስጢር ይበላሻል፣ የእኔም ማጭበርበር ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እሷ ግን በካልሲ የግቢው በር ሥር መኪና እየጠበቀች ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። «ማን ነገረኝ! ጓሮ ከሌሎቹ ጋር እየተጫወተች መስሎኝ!»

በስልሳ ዓመቷ እንዲያ ስትሮጥ ያየ፣ አሁንም ድረስ ሲያወራ ማንም አያምነውም። ከኋላዋ አምስቱ ሌቦች የሰረቁትን ተሸክመው ተከተሏት፤ መዝሙር መሪው ግማሹ የተሞላ ፍራሽ ራሱ ላይ፣ አናጢው ሳጥኑን፣ ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሱን ከነመርፌው፣ ነርሷ በፋሻ የታሰረች አሻንጉሊት፣ ኢንስፔክተሩ ማጣበቂያው ያልደረቀ ጫማ።

የግቢው በር ተከፈተ። ጥቁር መኪና ገባ። የቦርዱ ሰብሳቢ ናቸው።

ጥያቄ ተነሣች። ቀሚሷን አስተካከለች። አላለቀሰችም። በካልሲዋ ወደ መኪናው በር ሄዳ እጀታውን ያዘች።

ሞግዚቷ ከኋላ አፈፍ አደረገቻት።

«ልጄ! ልጄ፣ እዪኝ። የማንም መኪና አይወስድሽም።»

«አልጋዬን አንስታችኋል።»

«ያንን እዪው!» መዝሙር መሪውን አሳየቻት፤ ጥጥ እያስነጠሰው ይንገዳገዳል። «ለሚሄድ ልጅ ፍራሽ የሚያፍታታ ማን አለ? ለሚሄድ ልጅ አበባ የሚጠልፍ ማን አለ? ይኼ ሁሉ ለሚቀመጥ ልጅ ነው።»

ጥያቄ ፍራሹን አየች። ብርድ ልብሱን አየች። አሻንጉሊቷን አየች።

«ለምን ሁለት ዓይን ሆነላት?» አለች በቀስታ። «ጥጡ ለምን ፀጉሩ ላይ ነው? ጫማዬ ለምን ይሸታል? ሁሉም የኔ ነው?»

«ሁሉም ያንቺ ነው» አለች ሞግዚቷ፣ እያለቀሰች።

ሰብሳቢው ከመኪናቸው ወርደው የተፈጠረውን ሰልፍ ተመለከቱ። «ሌባው ተያዘ?»

«ተይዟል ጌታዬ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ በወግ ቀጥ ብሎ። «አምስት ነን። አለቃችን ደግሞ እኚህ እናት ናቸው።»

ነገሩን እስኪሰሙ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ መነጽራቸውን አወለቁ። በመጨረሻ ወደ እትዬ ደወል ዞሩ። «ደንቡ ንብረት ሲጠፋ ነው የሚለው። እዚህ ንብረት ጨምሯል።» ከዚያ የሳጥኑን አንድ ጫፍ ይዘው ከአናጢው ጋር ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰዱት። ስለ ዕጣው ደግሞ እትዬ ደወል እዚያው ፈረደች፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚወጣው ወረቀት ሠላሳ ሁለት ይሆናል፣ ሳያልቅም ማንም ከጠረጴዛው አይነሳም። ለሦስቱ ሰዎች ስድስት ስድስት ልጅ፣ ለሁለቱ ሰባት ሰባት። ኢንስፔክተሩ አሥራ አራት ጫማ አስቦ ቃተተ፤ ወዲያው ግን ስለዚህም ተመስገን አለ።

ምሳ ቀረበ። የጸሎቱ ተራ የእሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሌባ ስይዝ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሌባ አመስግኜህ አላውቅም ነበር፣ ብሎ ጀመረ። ሳይጨርስ ልጆቹ አሜን አሉ፤ ርቧቸዋል።

የሞግዚቷ ወንበር ባዶ ነበር። ሳህን ይዞላት ሄደ።

ጥያቄ አዲስ በተሞላው ፍራሽ ላይ ጫማዋን እንዳደረገች ተኝታለች። በእንቅልፏ የሞግዚቷን ሽርጥ በጡጫዋ ጨምድዳ ይዛለች። ሞግዚቷ ጎንበስ እንዳለች ቆማለች፤ ጣቶቿን ልታስለቅቅ አልሞከረችም።

«ወገብዎ ይጎዳል እማማ፤ ወንበር ላምጣ?»

«ተዉት፣ ትነቃለች።»

በቆመችበት ያጎርሳት ጀመር። አንድ ጉርሻ ዋጠችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች በሹክሹክታ።

«የሰጠስ ለእኛ ነው» አላት፤ ሁለተኛውንም አጎረሳት።