ዝቋላ ላይ ያየኋት ታማሚ

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

ግን ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ዋግ ኽምራ፣ ዝቋላ ወረዳ... ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰው ጥላ እግሩ ሥር የሚጠፋበት ሰዓት።

አልጠጣሁም። አላመመኝም። እንቅልፍም አልነበረብኝም። የምነግራችሁን በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በዚህ እጄም ነክቼዋለሁ።

አምሳለ እባላለሁ። የተማርኩት የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ዶክትሬቴን ስጨርስ ዓለም የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር፤ ሥራ ግን አልነበረም። እናቴ ቤት ተቀምጬ ከረምኩ። ጎረቤቶች "ዶክተር፣ እንዴት አደርሽ?" ሲሉኝ ማፈር ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ዕድል መጣ። በሳይንስ ዶክትሬት የጨረሱ ሰዎች ድርጅት ውስጥ ገብተው ሥራውን በተግባር እንዲለማመዱ የሚያደርግ ፕሮግራም ነበር። ኢንተርንሽፕ። ለእኔ የደረሰኝ ሰቆጣ ቢሮ ያለው የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ነው።

ስሄድ እናቴ መርቃ ሸኘችኝ። እኔም፣ በመጨረሻ ለሰው ልጠቅም ነው አልኩ።

ዝናብ ከራቀው አንድ ቀበሌ ውስጥ ነበር የምንቆፍረው። የቁፋሮው ኃላፊ ጋሽ ኤርምያስ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ከማሽን ጋር የጨረሱ፣ ቀልድ የማያጡ ሰው። ሹፌራችን ከሪም የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ ነው። ኽምጣንጋ ስለሚችል ከአገሬው ሰው ጋር የሚያግባባን እሱ ነበር። ሁሉም "ዶክተር" ይሉኛል። ጋሽ ኤርምያስማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚጠሩኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

መዘዙ የመጣው ከዚህችው ቃል ነው።

የዚያን ቀን የማሽኑ የዘይት ቱቦ ፈነዳ። ከሪም ሌላ ሊያመጣ ሰቆጣ ሄደ። ሠራተኞቹ ማሽኑ ጥላ ሥር ጋደም አሉ። እኔ ራቅ ብዬ ግራር ሥር ተቀመጥኩ።

ቀና ስል አንዲት እናት ፊቴ ቆመዋል።

"ዶክተር አንቺ ነሽ?" አሉኝ ጥርት ባለ አማርኛ፣ በሹክሹክታ።

"ነኝ እናቴ፤ ግን..."

"ልጄ ታማለች። ነይ እይልኝ።"

"እናቴ፣ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት የውኃ ነው። የጉድጓድ ውኃ።"

ከዚያ ፊታቸው በራ።

"እንግዲያ አንቺን ነው የምፈልግ። የሷም ሕመም የውኃ ነው።"

ከቆሻሻ ውኃ የሚመጣ በሽታ መሰለኝ። ከሪም ሲመለስ በመኪናው ጤና ጣቢያ እናደርሳታለን ብዬ አሰብኩ። ተነሥቼ ተከተልኳቸው።

"ስምዎ ማን ነው እናቴ?"

"ወለተ ሰንበት።"

"ልጅዎትስ?"

"ለተሥላሴ።"

"መቼ ነው የታመመችው?"

"ከመጣች ጀምሮ።"

"ከየት መጣች?"

እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ቤቱ ከኮረብታው ወገብ ላይ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ፍየሎቻቸው ደጅ ነበሩ። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል... ፍየሎቹ ግን ፀሐዩ ላይ ቆመዋል። የቤቱ ጥላ ባዶውን ነው። አንዷም አልተጠጋችውም።

ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ገባሁ። ከዚያ ብርሃን ወደ ጨለማ ስገባ ምንም አልታየኝም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የጨው ሽታ... የእርጥብ ጨው።

ከዚያ እግሬ ሰመጠ።

ወለሉ ጭቃ ነበር።

ሴቶች ለአንድ ጀሪካን ውኃ ግማሽ ቀን በሚጓዙበት አገር... ወለሉ ጭቃ ነበር።

"ውኃ ፈሶ ነው እንዴ?" አልኩ።

"ከሷ ነው" አሉኝ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መደቡ ታየኝ። ሰው ተኝቶበታል። ከራስ እስከ እግር ጋቢ ተሸፍኗል። ጋቢው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።

ልገልጥ እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዙኝ።

"አትግለጫት።"

"ለምን?"

"አትወድም። ዶክተር... ከመጣች ጀምሮ ለኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለኔ ለእናቷ! ሰው ለሐኪም ሕመሙን አይደብቅም። ይኸው ላንቺ ትናገር ይሆናል።"

ጎንበስ አልኩ።

"ለተሥላሴ..."

ጋቢው መነሣቱን አቆመ።

ጠበቅኩ። ምንም የለም። እኔም ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ደረቴ ሲያመኝ ነው።

ከዚያ ከጋቢው ሥር እጅ ወጣ።

የወጣት ሴት እጅ ነው። ጣቶቿ ሙሉ ቀን ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ነጥተው ተጨማደዋል። ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው። የደም ሥሯን በጣቴ ፈለግኩ... ምንም አይመታም። የሰው ሐኪም አይደለሁ፣ አላውቅበት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ያን ጊዜ እጁ እኔን ያዘኝ።

"ዶክተር..."

ጉሮሮውን ውኃ የሞላው ሰው ድምፅ ነው።

"እናቴ ትሰማኛለች?"

ዞር ብዬ አየሁ። እማማ ወለተ ሰንበት አጠገባችን ቆመዋል። የሚያዩት ግን የእኔን ፊት ነው፤ ይጠብቃሉ። ምንም አልሰሙም።

"አይሰሙሽም" አልኩ።

"ንገሪልኝ።"

"ምን ልበላቸው?"

"አልቅሽልኝ በያት... ካላለቀሰችልኝ መሄጃ የለኝም። ይበርደኛል... በጣም ይበርደኛል።"

እጁ ለቀቀኝ። ወደ ጋቢው ተመልሶ ገባ።

"ምን አለችሽ?" አሉኝ እናትየው። "ተናገረች? ምን አለችሽ?"

ሮጬ ወጣሁ። ድንጋዩን፣ እሾኩን ሳላይ ቁልቁል ወረድኩ።

ጋሽ ኤርምያስ ከሩቅ አይተውኝ ተነሡ።

"ምን ሆንሽ ዶክተር? እጅሽን ምን ነካው?"

እጄ እስከ አንጓው ርሷል።

"ታማሚ አለች... እዚያ ላይ... የእማማ ወለተ ሰንበት ልጅ..."

ማሽኑን የሚጠብቅልን የሰፈሩ ሰው ቅጣው ይባላል። አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ስሙን ሲሰማ ተነሥቶ አማተበ።

"የትኛዋ ልጅ?"

"ለተሥላሴ።"

"ለተሥላሴ የለችም" አለ። "አምና ወደ ሳዑዲ ስትሻገር ጀልባው ባሕር ላይ ተገለበጠ። የተረፉት ናቸው የነገሩን። መርዶ ልንነግር ሌሊት ከቤቷ ብንሄድ እናትየዋ በድንጋይ አባረረችን። 'ሬሳዋን አሳዩኝና አለቅሳለሁ' አለች። እስከ ዛሬ አላለቀሰች። ማንም እንዲያለቅስ አልፈቀደች።"

ጋሽ ኤርምያስም ቀልዳቸው ጠፋ።

ሦስታችን ተመልሰን ወጣን። እማማ ወለተ ሰንበት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቅጣው ቀድሞ ገባ፤ እኛ ተከተልነው።

መደቡ ላይ ጋቢው ተዘርግቷል። ጠፍጣፋ ነው። ቅጣው በዱላው ጫፍ ገለጠው።

ማንም የለም።

ወለሉን ረገጥኩት። ደረቅ አፈር። አቧራው ቦነነ።

"ፀሐይ መትቶሽ ነው ልጄ" አሉኝ ጋሽ ኤርምያስ፣ ቀስ ብለው። ያን ቀን ብቻ ነው ዶክተር ያላሉኝ።

እውነቴን ነው፣ ላምናቸው ፈልጌ ነበር። የተማርኩት ትምህርት ሁሉ ፀሐይ ነው ይለኛል። እማማ ወለተ ሰንበት ግን ቀሚሴን ያዙ።

"አናግራሻለች። እጅሽን ይዛ አይቻለሁ። ልጄ ምን አለችሽ?"

ዓይናቸውን አየሁት። አንድ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰ ዓይን ነው። ደርቋል።

ዝም ብል ልጅቱ ያው እዚያው ናት። ብናገር ደግሞ የእናቲቱን ተስፋ የምገድለው እኔ ነኝ። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ተንበረከክሁ።

"አልቅሽልኝ ብላለች እናቴ።"

አልተንቀሳቀሱም።

"ይበርደኛል ብላለች።"

ቀሚሴን ለቀቁት።

"ይበርደኛል አለች?"

"አዎ።"

"ልጅ ሆናም..." አሉ፤ "ልጅ ሆናም ብርድ አትችል ነበር። እግሯን ብብቴ ውስጥ ነበር የማሞቅላት።"

ከዚያ ነጠላቸውን አወረዱ። ተነሡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ጮኹ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ቅጣው ዱላውን ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከየተረተሩ ሰው መውረድ ጀመረ። ሴቶች ወገባቸውን አሥረው እየሮጡ መጡ። ሁሉም ይጠብቁት የነበረ ነገር ይመስል ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ልቅሶ ዋልን። የለተሥላሴን የበዓል ቀሚስ መደቡ ላይ ዘርግተው ሴቶቹ በኽምጣንጋ ሙሾ አወረዱላት። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን አለቀስኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ወለተ ሰንበት አጠገቤ መጡና ጉንጬን ሳሙኝ።

"ሄደችልኝ" አሉ። "ዶክተር፣ አዳንሽልኝ።"

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ከሪም ቱቦውን ይዞ መጣ። ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጋሽ ኤርምያስ ቱቦውን ገጥመው ሞተሩን አስነሡ... ወዲያው አጠፉት።

"ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?"

ዞር አልኩ።

ሴቶች ናቸው። ማሽኑን ከበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሲመጡ ማንም አላያቸውም። እግራቸው አቧራ ለብሷል፤ ከጎረቤት ወረዳ ከአበርገሌ በኩል ሲጓዙ ያደሩ ነበሩባቸው። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

ከሪም ሄዶ አናገራቸው። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

"ምን ይላሉ?" አልኩት።

"አንቺን ነው የፈለጉት።"

"ለምን?"

"ልጆቻቸው በባሕር የሄዱ ናቸው። ወሬያቸው የጠፋ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ከሪም... የሰው ሐኪም አይደለችም አላልካቸውም?"

"ብያቸዋለሁ።" ወደ ሴቶቹ ዞር አለ። "'እናውቃለን' ነው የሚሉኝ።"

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ተነሣች። በዕድሜ ብዙ አትገፋም።

"ልጄ ትንሣኤ ይባላል" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። "ቤቴ ቅርብ ነው።"

ጋሽ ኤርምያስ ክንዴን ያዙኝ። "አትሂጂ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ዓይኖቿን አየሁና ሄድኩ። ከሪም እየጸለየ ተከተለኝ።

ቤቷ ከደረቀው ወንዝ ማዶ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

"ቤት ውስጥ ማን አለ?" አልኳት።

"ማንም። ብቻዬን ነኝ።"

ከአንገቷ መክፈቻውን አወጣች። ወደ እኔ ዘረጋችው። ተቀብያት እኔ ከፈትኩት።

በሩን ከመግፋቴ በፊት...

ከውስጥ የወንድ ልጅ ሳል ተሰማ።