የፈሂማ ጠባይ ሲለወጥ

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ዐብዱልመሊክን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ከማያንስ ጊዜ ጀምሮ እዚያው የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሰፍቷል። ቀጠሮ አያፈርስም፣ ጨርቅ አያበላሽም፣ ሰላምታ አይነፍግም። የአፎቻው፣ ማለትም በሐዘንና በደስታ የሚደጋገፉበት ማኅበር ሰዎች፣ ለቀብርም ለሰርግም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው ይሉታል። ይህን ማለቴ ያለምክንያት አይደለም። ታሪኩ የክፉ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቻችን «እኛን አይመለከትም» ብለን ባለፍነው ነበር።

ሚስቱ ፈሂማም የምትታወቀው በእጇ ሥራ ነበር፤ እሱ በክር፣ እሷ በስንደዶ ይሰፋሉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ድረው አንዷን ድሬዳዋ፣ ሌላዋን ጅግጅጋ ሸኝተው በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ባለው ቤታቸው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት የፈሂማ ዐይን ቢጫ ሆነ፣ ሆዷም ውሃ ቋጠረ። ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል አመጣ፤ ቅጠሉ አልሠራም። ሆስፒታል ስትሄድ፣ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ በውስጧ የኖረ ቫይረስ ጉበቷን አጠጥሮ እንዳኮማተረው ተነገራት።

ዐብዱልመሊክ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላሳለፈባትም። ባጃጅ ይጠራል፣ መድኃኒት ይገዛል። ሐኪሙ ክፍል ግን ገብቶ አያውቅም። የሴት ገላ በሚታይበት፣ ስለ ሆድና ስለ ሰገራ በሚወራበት ቦታ ወንድ ምን ይሠራል? ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሙስበሃውን፣ መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል። ስትወጣ፣

«ምን አሉሽ?» ይላታል።

«መድኃኒት ሰጡኝ» ትለዋለች። በቃ፤ ወደ ቤት።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ወፍራም ጣፋጭ ሽሮፕ ነበር። እሱን ከጀመረች በኋላ ፈሂማ ሽንት ቤት መመላለስ አበዛች። ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዐብዱልመሊክ ጎረቤት ምን ይል ይሆን እያለ ይሸማቀቅ ነበር። ግን አልተናገረም።

ቆይቶ የፈሂማ ጠባይ ተለወጠ። ቀን ቀን ትተኛለች፤ ሌሊት ዐይኗ አይከደንም። ለእንግዳ ባቀረበችው ሻይ ውስጥ ስኳር ነው ብላ ጨው ጨመረች። ለእህቱ ልጅ ለጀናት ሰርግ የጀመረችው ስፌት መስመሩ ይጣመምባት ጀመር። ትፈታዋለች፣ መልሳ ትሰፋዋለች፣ ይጣመማል። አንድ ቀን አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

«ምን ሆነሻል?» አላት ዐብዱልመሊክ ደንግጦ።

«አንተን ምን አገባህ!» ብላ ጮኸችበት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ተናግራው አታውቅም።

ነገሩ ሆዱ ገባ። ለእህቱ ለዘምዘም አጫወታት።

«አቦ አንተ ደግሞ የዋህ ነህ!» አለችው ዘምዘም። «ንቃሃለች። ህመም ሆድ ያማል እንጂ ምላስ አያስረዝምም። ዝም ስላልካት ነው።»

ዐብዱልመሊክ አመናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱቅ አምሽቶ መምጣት፣ ከአንድ ቃል በላይ አለመናገር፣ ምሳውን ውጭ መብላት ጀመረ። ፈሂማ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። አለመጠየቋንም ንቀት አድርጎ ቆጠረው።

የጀናት ሰርግ ደረሰ። ሦስት ቀን የሚዘልቅ፣ ዘመድ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት ሰርግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዐብዱልመሊክ የሽሮፑን ጠርሙስ አነሳና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«እስከ ሰርጉ ማብቂያ ይቅርብሽ» አላት። «ሰው ቤት ገብተሽ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ስትመላለሺ ምን ይሉናል?»

«ሲስተሯ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ ብላኛለች።»

«ሦስት ቀን ምን ያመጣል? ወላሂ፣ ከሰርጉ በኋላ እኔው ራሴ እመልስልሻለሁ።»

ፈሂማ ጠርሙሱ የገባበትን ኪስ አየች፤ ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

በመጀመሪያው ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ስታጨበጭብ ዋለች፤ ዐብዱልመሊክ «ይኸው፣ ምንም አልሆነችም» አለ በልቡ። በሁለተኛው ቀን ከበሮው እየተመታ፣ ዘፈኑ እየደመቀ፣ እሷ ነደባው ላይ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ፣ እንደተደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ዘምዘም ወንድሟን በክርኗ ነካ አድርጋ «የልጄ ሰርግ እንቅልፍ አመጣባት፤ አየሃት?» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ፈሂማ ጠፋች።

አንዲት ባለ ሱቅ ራሷን ሳትሸፍን ወደ ታች ስትወርድ አይቻታለሁ አለችው። ዐብዱልመሊክ በጠባቦቹ መንገዶች መሃል ሮጠ። በመጀመሪያ ያስሮጠው ሐፍረት ነበር፤ ሰው እንዳያያት። ሦስት መንገድ ፈልጎ ካጣት በኋላ ግን ሐፍረቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

ያገኛት አባቷ ይኖሩበት በነበረ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቤቱ ከተሸጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። አሁን የሚኖሩበት ባርኮት የሚባሉ አሮጊት በራሳቸው ሻሽ ራሷን ሸፍነውላት፣ ውሃ ይዘውላት አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«አባቴ ሲመጣ ይከፍትልኛል፤ እርስዎ አይቸገሩ» ትላቸዋለች ፈሂማ።

«ፈሂማ!» ብሎ ጮኸባት ዐብዱልመሊክ። «በሰው ፊት እንዲህ የምታዋርጂኝ ምን በድዬሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ለማታውቀው ሰው የምታሳየው ዓይነት ጨዋ ፈገግታ ብቻ።

«አንተ ልብስ ሰፊው አይደለህም?» አለችው። «የሰርግ ልብሴን ጨረስከው?»

ዐብዱልመሊክ በቆመበት ደረቀ። ገና እጮኛው ሳለች የሰርግ ልብሷን የሰፋው ራሱ ነበር፤ ለልኬት የመጣውም እዚሁ ደጃፍ ነው። ይህ ንቀት ሊሆን አይችልም። የሚንቅ ሰው የሚንቀውን ያውቃል፤ ፈሂማ ግን ባሏን አላወቀችውም።

ባርኮት እጁን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሴትዮዋ አሟታል እንጂ አላጠፋችም። ኋላ ትቆጣለህ፤ አሁን ባጃጅ ጥራ» አሉት።

ባጃጁ ውስጥ ራሷ ትከሻው ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርሱ ስሟን ቢጠሩ፣ ቢቆነጥጧትም ዐይኗን አልገለጠችም።

ሲስተር ሪሃና የምትባለው ነርስ ግሉኮስ እያዘጋጀች ጠየቀችው፤ «እሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሰገራ የወጡት መቼ ነው?»

ዐብዱልመሊክ አፈረ። «አላውቅም።»

«ሽሮፑንስ እየጠጡ ነበር?»

ለሰርጉ የለበሰችውን ሳትቀይር ተከትላ የመጣችው ዘምዘም ፈጠን ብላ መለሰች፤ «እሷ ናት ያቆመችው። እልኸኛ ናት፤ ሰው አትሰማም።»

ለሰከንዶች ዝም ቢል ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ መናገር በማትችለው ሴት ላይ ተጥሎ ይቀር ነበር። ዐብዱልመሊክ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ጠርሙሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አይደለም» አለ። «እሷ አላቆመችም። እኔ ነኝ የወሰድኩባት።»

ሪሃና ጠርሙሱን፣ ከዚያም እሱን አየች። አልተቆጣችም። ዶክተሩ ያዘዘውን ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ጉበት የሰውነታችን ማጣሪያ ነው። የእሳቸው ማጣሪያ ደክሟል። ስለዚህ አንጀት ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወደ ጭንቅላት ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው ቀን ይተኛል፣ ይቆጣል፣ የሚያውቀው ሥራ ይጠፋዋል፣ ሲብስ ራሱን ይስታል። ሽሮፑ ያንን መርዝ በሰገራ ጠርጎ ያወጣዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መውጣታቸው የመድኃኒቱ ሥራ እንጂ ጉዳቱ አይደለም።»

«ጨው የጨመረችው... ስፌቱን የወረወረችው...»

«ህመሙ ነው።»

«እኔን የተቆጣችውስ?»

«እሱም ህመሙ ነው፣ አባባ። ይህንን ሁሉ ለእሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። ግን ጭንቅላት ሲደክም መድኃኒቱን የሚረሳውም ያው የደከመው ጭንቅላት ነው፤ የሚያስታውስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ባል አለዎት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ‹አለ፣ ውጭ ተቀምጧል› ይሉኝ ነበር።»

ዐብዱልመሊክ ወደ ሚስቱ አልጋ ተጠጋ።

አንጀቷን የሚያጥብ መድኃኒት ከታች ተሰጣት። አንሶላው ተበላሸ። ዘምዘም ወንድሟን ወደ በሩ ገፋ አድርጋ፣ «አንተ ውጣ፤ ይሄ የወንድ ሥራ አይደለም» አለችው።

«ዘምዘም፣ ሙቅ ውሃ አምጪልኝ» አላት እጅጌውን እየሰበሰበ። ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ስለነበር ሄዳ አመጣች። ሚስቱን በእጁ አጠባት። ሕፃን እንደሚገለበጥ ቀስ ብሎ እያገላበጠ አጠባት፤ እግሯ ምን ያህል እንደቀጠነ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፈሂማ ዐይኗን ገልጣ አየችውና፣

«ዐብዱል፣ ሱቅ አልሄድክም እንዴ?» አለችው።

አጎንብሶ አለቀሰ። «አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» አላት።

«ምን አጠፋህና?»

ምንም አታስታውስም። ሊደብቃት ይችል ነበር፤ ግን አንድ በአንድ ነገራት። ፈሂማ ጣሪያውን እያየች ሰማችው።

«አንድ ነገር እየሆንኩ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ልነግርህ ስል ቃሉ ይጠፋብኛል። አንተ ደግሞ አኮረፍክ። አኩራፊ ሰው ፊት ቃል መፈለግ እንዴት እንደሚከብድ አታውቅም።» ከዚያ እጁን ፈለገች። «አውፍ ብያለሁ። ብቻዬን ግን አትተወኝ።»

የፈሂማ ጉበት አልዳነም። ሐኪሞቹም ይድናል ብለው አልሸነገሏቸውም። የተለወጠው ቤቱ ነው። ዐብዱልመሊክ ሽሮፑን በሰዓቱ ይሰጣታል፤ ስንት ጊዜ እንደወጣች ሳያፍር ይጠይቃታል፤ ካነሰም ከበዛም ለሪሃና ይደውላል። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ከፋርማሲ የእንቅልፍ ክኒን አይገዛም፤ ሐኪሙ ከልክሎታል። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይላታል። አንዳንዴ ሆን ብላ አሳስታ ትመልስና ሲደነግጥ ትስቅበታለች።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ቀኑን ሲጠይቃት ብርጭቆ ወረወረችበት። ድሮ ቢሆን በሩን ዘግቶ ይወጣ ነበር። አሁን ግን ስብርባሪውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እስኪ ሁለት እጅሽን ዘርጊልኝ፤ መዳፍሽን ቀና አድርጊ» አላት። እጆቿ የወፍ ክንፍ ይመስል ተርገበገቡ። ሪሃና ያስተማረችው ምልክት ነው። ከረፋዱ በፊት ሆስፒታል ደረሱ፤ ኢንፌክሽን ተገኝቶባት ቶሎ ታከመች፤ በአራተኛው ቀን በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች። በዚያ ሰሞን ሾርባ ይዛ የመጣችው ዘምዘም ነበረች። የፈሂማን እግር ይዛ «በስምሽ ስንት ክፉ ተናገርኩ» ብላ አለቀሰች።

ዐብዱልመሊክ ሰው ፊት መናገር አይወድም። ቢሆንም አፎቻው በተሰበሰበበት አንድ ቀን ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ፤ ጠርሙሱን፣ ኩርፊያውን፣ ሰገራውንም ሳይቀር።

«ሚስቴ አስቀየመችኝ ብዬ ስቀየማት፣ እሷ በጭንቅላቷ ውስጥ ብቻዋን መንገድ ጠፍቷት ነበር» አለ። «የሠላሳ ዓመት ጠባይ በሦስት ወር ሲለወጥ ‹ናቀኝ› ከማለታችሁ በፊት ‹ምን አገኘው?› በሉ። የታመመ ሰው ሐኪሙ የነገረውን ብቻውን እንዲሸከም አትተዉት። ይህ የሴት ሥራ፣ ያ የወንድ ሥራ ስንል የሰው ነፍስ በመሃል ታልፋለች።»

አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ አንዱ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ዐብዱልመሊክም «ተናግሬ አፈርኩ» እያለ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ በስፌት የሚጎራበተው ዒምራን ወንበሩን ስቦ መጣ። ጥቂት ስለ ክር ዋጋ አወራ።

«የእኔዋ ስኳር ካለባት ስድስት ዓመት ሆናት» አለ ቀስ ብሎ። «መርፌዋን ስንት እንደምትወጋ ብትጠይቀኝ አላውቅም።»

«ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

ዐብዱልመሊክ መኪናውን ሳያቆም ቀና ብሎ አየው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ደንበኞች መጥተው ዒምራንን ጠየቁ። መኪናው በሸራ ተሸፍኖ ነበር።

«ከሚስቱ ጋር ሐኪም ቤት ሄዷል» አላቸው ዐብዱልመሊክ። «ሲመለስ ትመጣላችሁ።»