ሂንዲ የማያውቀው ተርጓሚ

ዕንቁ ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይት ሰፈር ወዳለው የሐበሾች አዳራሽ የገባችው አርፍዳ ነው። የህንድ ፊልሙ ተጀምሯል። ወንበር ስትፈልግ ጥላዋ ሸራው ላይ አረፈ። ማይክ ይዞ የሚተረጉመው ገሰሰም አላለፋትም።

«ሙሽራዋ መጣች። ትራም አምልጧት ነው፣ ይቅር በሏት» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዕንቁ አፈረች... ግን እሷም ሳቀች። ፍቅራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ገሰሰ ደሴ ሳለ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። እዚያ የሰፈሩን ሰው ስም ፊልሙ ውስጥ ያልጨመረ ተርጓሚ ተመልካች የለውም። ፍራንክፈርትም ኤርፖርት ሻንጣ እየጫነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልማዱን ቀጠለ። ዕንቁ «ሂንዲ ትችላለህ?» ስትለው «እሞክራለሁ» ይላት ነበር።

በተዋወቁ በስምንተኛው ወር ለዕንቁ የእቁብ ዕጣ ወጣላት። ስምንት ሺህ ዩሮ። በማግስቱ ገሰሰ «አግቢኝ» አላት።

«እሑድ እነግርሃለሁ» አለችው። መልሷ እሺ ነበር፤ ትንሽ ልታንጠለጥለው ፈልጋ ነው።

የዚያ እሑድ ፊልም ኮሜዲ ነው፤ ስግብግብ ወንድማማቾች አንድ ቦርሳ ብር ያሳድዳሉ። መጨረሻው ላይ ቦርሳውን ይዛ ልትወጣ ያለችውን ልጅ ትንሹ ወንድም በር ላይ እጇን ያዛት። ገሰሰ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ዕንቁዬ፣ እኔ ገሰሰ አንቺን መቼ ወደድኩ! ቦርሳሽን ነው የወደድኩት!»

አዳራሹ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስለ ዕጣው ያልሰማ አልነበረም። ከኋላዋ አንዲት ሴት «እውነቱን በቀልድ አወጣው» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዕንቁ መልሷን ሳትሰጥ ወጥታ ሄደች።

‘ያለው ፊልሙ ነው፤ እሱ ስማችንን ብቻ ነው የጨመረው’ ብላ ራሷን አጽናናች። ግን ማረጋገጥ ፈለገች። ማክሰኞ፣ ጊንሃይም ሰፈር አረጋውያን በምትንከባከብበት ቤት፣ በእረፍት ሰዓት ከህንዳዊቷ ባልደረባዋ ከሱኒታ ጋር ፊልሙን በስልኳ ከፈተች።

«እዚህ ጋ ምንድነው የሚላት?»

«‘አትሂጂ፣ ፈራሁ’ ነው የሚላት» አለች ሱኒታ። «ሌላ ምንም አላለም።»

ስለ ቦርሳ አንድ ቃል የለም። ዕንቁ ስልኳን ዘጋች።

ከሥራ ስትወጣ ገሰሰ ፌርማታው ላይ ቆሟል።

«የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ከኤርፖርት በቀጥታ መጣሁ። ስልኬን አላነሳ አልሽ...»

«ሂንዲ ትችላለህ?»

«አንድ ቃል አላውቅም።»

«ያንን ያልከው አንተ ነህ ማለት ነው።»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው አሳቅክብኝ፣ ገሰሰ። እኔ እኮ እሺ ልልህ ነበር የመጣሁት።»

ገሰሰ አንገቱን ደፋ። «ሁሉም ‘ለእቁቡ ብሎ ነው’ እያለ ያማኛል። ሻንጣ ጫኝ ነኝ፤ ምን ብዬ ልመልስ? ሳይስቁብኝ ቀድሜ ልሳቅ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ዕጣው በወጣ ማግስት ለምን ጠየቅከኝ?»

«ብር ያለው ሰው መንገዱ ብዙ ነው። ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ... ፈራሁ፣ ዕንቁዬ። አትሂጂብኝ።»

ዕንቁ ደንግጣ አየችው። ልጁ በፊልሙ ያለውን ቃል ነው ያለው፤ እሱ ግን አያውቅም። አልነገረችውም። ቁስሏ ገና ነበር፤ ትራሙ ሲመጣ ተሳፍራ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ሰው ይደገም ብሎ አስቸግሮ ያው ፊልም ተደገመ። የበሩ ቦታ ሲደርስ ሁሉም ለመሳቅ ተዘጋጀ። ገሰሰ ግን ማይኩን ዝቅ አደረገ።

«እዚህ ጋ ባለፈው ዋሽቻለሁ። ልጁ ምን እንደሚላት አላውቅም።»

ዕንቁ ከኋላ ተነሥታ መጣች፤ ጥላዋ እንደ መጀመሪያው ቀን ሸራው ላይ አረፈ። ማይኩን ከእጁ ወሰደች።

«‘አትሂጂ፣ ፈራሁ’ ነው የሚላት» አለች።

ገሰሰ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እሷስ ምን አለችው?»

ዕንቁ ማይኩን አጠፋች። የቀረው ለሰው የሚነገር አልነበረም።

«እሷማ ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። እኔ ግን አልሄድም። ሁለተኛ በሰው ፊት እንዳትቀልድብኝ።»

ገሰሰ ከፊልሙ የቀረውን አልተረጎመም። አጠገቧ ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ እንደ ሌላው ሰው ሳይገባው አየው።