«መጣሁ» ያልኳት አክስቴ

ይሄን ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ፤ እመኑኝ ብዬ አልለምንም። በእኔው ላይ የደረሰ ነው። የቀኝ አውራ ጣቴ ምስክሬ ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታ ነበር...

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ከፊት የስፌት ማሽኔ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳው። ጓዳው የአክስቴ መኝታ ነበር። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ፣ መርፌ መያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አስም ነበረባት።

እኔ ደግሞ ስልክ ነበረብኝ።

ስበላ ስልክ፣ ስሰፋ ስልክ። ተኝቼም ፊቴ ላይ እየወደቀ ያነቃኝ ነበር። አክስቴ ከጓዳ ስትጠራኝ ዓይኔን ሳልነቅል «መጣሁ!» እላለሁ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ «መጣሁ» የሚል ሰው ገና አልተነሳም።

በመጨረሻ ስም አወጣችልኝ።

«መጣሁ! ኧረ አንቺ መጣሁ! ቀና በይ፣ አንገትሽ ተቆልምሞ ሊቀር ነው!»

እስቃለሁ። እሷም ትስቅና ትዝትብኛለች።

«ግድ የለም፣ ብድር በምድር ነው። አንድ ቀን እኔም መጣሁ እልሻለሁ።»

ያን ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ።

በመጀመሪያው «መጣሁ!» ስትለኝ ድምፅ ነበራት። በሁለተኛው ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። ሦስተኛውን አልሰማሁም ማለት እችል ነበር... ግን ሰምቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «መጣሁ» ብያለሁ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ኬክ ስታስጌጥ እያየሁ ነበር።

ስገባ አክስቴ ወለሉ ላይ ነበረች። አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ቸኩላ ነበር። ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ፣ ከጣቶቿ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል።

ለለቀስተኛው «ተኝታ ነው ያለፈችው» አልኩ።

«የታደለች!» አሉ።

ሁለቱንም ጫማዎቿን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸውና ሐዘኔን ይዤ ስልኬ ውስጥ ገባሁ። በሦስት ወር አንገቴ ደነዘዘ። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። አውራ ጣቴ ይነዝረኛል። እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ ማጅራቴን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና ከንፈሯን መጠጠች።

«በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ታቀረቅሪያለሽ?»

«ትንሽ ነው።»

«አንገት አይዋሽም፣ እህቴ።»

ስትሠሪ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ አለችኝ። ስትተኚም ከአልጋሽ ይራቅ። በየሃያ ደቂቃው ቀና በይና ሩቅ ተመልከቺ። ስታዪውም ወደ ዓይንሽ ከፍ አድርጊው እንጂ አንቺ አትውረጂለት።

ታዘዝኩ። ሌላ ክፍል ያለኝ ጓዳው ብቻ ነው። ስልኩን እዚያ፣ መድኃኒቱ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። የአክስቴን የደወል ሰዓት በየሃያ ደቂቃው እየሞላሁ፣ ሲጮህ ቀና እላለሁ። ከማሽኔ ቀና ስል ሩቅ ያለው ነገር የጓዳው መጋረጃ ነው።

እውነት ለመናገር ተሻለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሰው ተኛሁ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ቀና አልኩ።

በመጋረጃው ሥር ነጠላ ጫማ ይታያል።

አንድ ብቻ። አጠገቡ... ባዶ እግር።

«መጣሁ...»

ሲር ሲር የሚል ድምፅ ነው። በቅጽል ስሜ የጠራችኝ መሰለኝ። ልማድ ክፉ ነው፣ ምን ብል ጥሩ ነው?

«መጣሁ!» አልኩ።

መጋረጃውን ስገልጥ ማንም የለም። ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ስልኬ ግን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። እኔ እንደዚያ አላስቀምጥም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍርሃቴ ባሰ። ሰው ሲፈራ ወደ ለመደው ይሸሻል። ስልኩን አምጥቼ ማሽኑ ላይ አደረግኩትና አቀረቀርኩ። ቀና ካላልኩ አላያትም ብዬ። ደወሉንም አልሞላሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ።

«መጣሁ...»

አሁን ጆሮዬ ሥር ነው። ቀና ልል ስል ማጅራቴ ላይ መዳፍ አረፈ። ይቀዘቅዛል። ወደ ታች ይጫነኛል።

«እቴቴ... ማሪኝ...»

«ቀና በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። እየተጫነችኝ።

የሚታየኝ ወለሉ ብቻ ነው። የእኔ ሁለት እግሮች ወንበሩ ሥር ተጣብቀዋል። የማሽኑ ፔዳል ላይ ያለው ባዶ እግር የእኔ አይደለም...

ማሽኑ ተነሳ።

ጤና ጣቢያ ያከመችኝ ነርስ አውራ ጣቴን እያገላበጠች የተሰፋበትን ክር አየችው።

«ማሽን ነው የወጋሽ?»

«አዎ።»

«ማሽን ቋጠሮ ይቋጥራል እንዴ?»

ሰባት ስፌት ነው። መጨረሻው ላይ ድርብ ቋጠሮ አለ፣ ክሩ በጥርስ ተበጥሷል። እንዲያ የምትቋጥር አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው።

ያኔ ገባኝ። እየጠራችኝ አልነበረም። እየነገረችኝ ነበር።

እኔ ሦስት ጊዜ ብያታለሁ። እሷ እስካሁን ሁለት ብላኛለች።

ለምን አትሸሺም ትሉኝ ይሆናል። የት? መጣሁ ያለችው እኔ ወዳለሁበት ነው።

ይሄን በግራ እጄ የምጽፍላችሁ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ተኝታ ነው ያለፈችው ያልኩት ውሸት ነው። ጠርታኛለች፣ ሰምቻታለሁ፣ አልተነሳሁም። ለእናንተ የተናዘዝኩት ምናልባት ብትምረኝ ብዬ ነው። ስጨርስ ስልኩን አጠፋለሁ...

ደወሉ ጮኸ።

ቀና ብያለሁ። በመጋረጃው ሥር እግሮቿ ይታዩኛል።

ዛሬ አልቸኮለችም። ሁለቱንም ጫማ አድርጋለች።