በፎጣ ሥር የተሰጠው ዋጋ

ሐጂ ኢድል በገዛ በረታቸው ውስጥ፣ ግመሎቻቸው ውሃ ከሚጠጡበት የሲሚንቶ ገንዳ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ኢንስፔክተር ይርገዱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ገና መጋል መጀመሩ ነበር፤ የሷ ጉልበት ግን ከወዲሁ ዝሏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳ ስትመረምር ኖራለች። ለጡረታዋ አራት ወር ቀርቷታል፤ ድሬዳዋ ግን ለአራት ወር እንኳ አደብ የምትገዛላት ከተማ አልሆነችም።

«ግመል ረግጧቸው ይሆን?» አለ ኮንስታብል ዓብዩ።

«ግመል የረገጠው ሰው ደረቱ ነው የሚደቀው። እኚህ ወደ ኋላ ወድቀው ማጅራታቸውን የገንዳው ጠርዝ መታቸው። መሬቱ ደረቅ ነው፣ አያዳልጥም። የሸሚዛቸውም ቀኝ እጅጌ ከትከሻው ተተርትሯል። ሰው አለበት።»

እያቃሰተች ተንበረከከች። የሟቹ የግራ እጅ ጣቶች በቀይ ቀለም ተጨማልቀዋል፤ ቀኙ ንጹሕ ነው። የእጅ ሰዓታቸው ቀኝ እጃቸው ላይ ታስሯል፤ ለዓመታት ፀሐይ ያልነካው ፈዘዝ ያለ ቆዳ የሚታየው ግን በግራቸው አንጓ ላይ ነው። አጠገባቸው የቀለም ቆርቆሮ ተደፍቶ፣ ብሩሽ ወድቋል። በበረቱ ካሉት ሃያ ግመሎች አሥራ ሰባቱ አንገታቸው ላይ ሁለት ሁለት ቀይ መስመር ተሰምሮባቸዋል፤ መስመሮቹ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ጽሕፈት የተንጋደዱ ናቸው።

ከበሩ ውጭ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይጮሃል። ሁሉም የሚጠራው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሽመክት።

ነገሩን ያስረዳት ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው ደላላው ቢሌ ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ ቢሌም ሟቹንም ኢንስፔክተሯንም እኩል አንተ አንቺ ይላል።

«አንቺ የባቡር ሠፈር ልጅ ነሽ፣ የግመል ገበያ አታውቂም» አላት። «እዚህ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ ፎጣ ሥር ቀኝ እጃቸውን ይጨባበጣሉ። የተያዘች እያንዳንዷ ጣት አሥር ሺህ ናት። ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰኞ ዕለት ሐጂ እነዚህን ሃያ ግመሎች ሲሸጥ፣ ለአንዱ ሃምሳ ሊል አስቦ አራት ጣት ብቻ ያዘ። ገዢው ሽመክት ‹ይባረክ› አለና እጁን ሳበ፤ በአርባ ገዛሁ ሲል ነው ስህተቱ የወጣው። አለቀ አቦ።»

«በስህተት የተሰጠ ዋጋ ይጸናል እንዴ?»

«ግማሹ ይጸናል ይላል፣ ግማሹ ስህተት ሽያጭ አይደለም ይላል። ገበያው ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨቃጨቅበት ከረመ። ሐጂ ብቻ ዝም አለ። እሱ ሁሌ የሚላት አንድ ነገር ናት፤ ‹የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ›።»

«ሰሞኑን የተለወጠ ነገር አላየህበትም?»

ቢሌ አሰበ። «ሰው መጨበጥ ትቶ ነበር። ቀኝ እጁን ፎጣው ውስጥ ከቶ በጭንቅላቱ ብቻ ሰላም ይላል። ኮራብን ብለን ነበር፣ አላህ ይማረው።»

«ዛሬ ማንን አየህ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሽመክት ከዚህ ሲወጣ አየሁት። አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ሐጂ ሞቷል።»

የሟቹ ልጅ ዐብዲፈታሕ ትናንት ነው ከጅግጅጋ አይሱዙውን እየነዳ የገባው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀርቦ ሲቆም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ይርገዱም የሾፌር ሽታ ነው ብላ አለፈችው።

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ሐሳቡን ቀይሮ ነበር» አላት። «ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ መጣሁ። እጄን ፎጣው ሥር አስገብቶ አምስቱንም ጣቴን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ሃምሳ ነው ማለት ነው፤ ዋጋ ለኔም ቢሆን በአፉ አይነግረኝም። ‹ሽመክት ሲመጣ እነግረዋለሁ› አለኝ፣ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ሽመክት ሽያጩ መፍረሱን ሲሰማ ገፈተረው።»

«ግመሎቹንስ ማን ቀባቸው?»

«እሱ ነዋ። የገዢ ምልክት ነው፤ የተቀባ ግመል ተረክቧል ማለት ነው። ሽማግሌውን ጥሎ ሊነዳቸው ነበር።»

ነገሩ ልክ ይመስላል። ይርገዱ ግን በሃያ ስድስት ዓመቷ ልክ የሚመስል ነገር ብዙ አይታለች።

ሽመክት የአዳማ ነጋዴዎች ወኪል ነው፤ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እጁን እያሻሸ አገኘችው። እጆቹ እስከ ጥፍሩ ንጹሕ ናቸው፤ ከላብ በቀር የሚሸት ነገርም የለባቸውም።

«ቀለሙን ትናንት ሰጥቻቸው ነበር» አለ። «ዛሬ ስመጣ ራሳቸው ሲቀቡ አገኘኋቸው። ‹የሸጥኩትን የማስረክብ እኔ ነኝ፤ ስድስት ሰዓት ላይ መጥተህ ንዳ› አሉኝ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።»

«ሰኞ ዕለት አራት ጣት ሲይዙህ፣ ስህተት መሆኑን አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ገበያ ነው፣ እትዬ። ማን ለማን ይነግራል?»

ይርገዱ ሰውየውን ጠላችው፤ መጥላቷም አደከማት።

የሐጂ ሴት ልጅ ዐስሊ ከበረቱ ጎን ባለው ቤት፣ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። ይርገዱ ጉልበቷን እየረገመች አጠገቧ ቁጭ አለች።

«አባትሽ ሰዓቱን ቀኝ እጁ ላይ ማሰር የጀመረው መቼ ነው?»

ዐስሊ ደነገጠች፤ «ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ» አለች።

«ሽመክት ዛሬ ይታሰራል፤ ከፍርድ ቤት ቢተርፍ እነዚያ በር ላይ ያሉት አይምሩትም። ካልገደለ ካንቺ በቀር የሚያድነው የለም።»

ልጅቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ይርገዱ ቢሌን፣ ዐብዲፈታሕን፣ ሽመክትንና ዐስሊን በበረቱ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሰላት በፊት መፈጸም ስላለበት ጊዜ አልነበራትም። ከቢሌ ትከሻ ላይ ፎጣውን ወስዳ ቀኝ እጇን ለዐብዲፈታሕ ዘረጋች፤ ፎጣውንም ከላይ ጣለችበት።

«አባትህ ጠዋት እንዴት እንደያዘህ አሳየኝ።»

ዐብዲፈታሕ አምስቱንም ጣቷን ጨበጠ። አሳመማት።

«በቀኝ እጁ ነው?»

«በምን ሊሆን ነው? ዋጋ በግራ አይሰጥም።»

«እንዲህ አጥብቆ?»

«እንዲህ አጥብቆ፣ ወላሂ።»

«ወላሂ አትበል» አለች ዐስሊ።

ሁሉም ዞሩ። ልጅቷ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ወንድሟን አየችው። ይርገዱ አላቻኮለቻትም፤ ያቺ ልጅ በዚያች ቅጽበት ምን እንደምትመርጥ ገብቷታልና።

«የአባዬ ቀኝ እጅ ሞቷል» አለች ዐስሊ። «ከሁለት ወር በፊት ነው መደንዘዝ የጀመረው። ሰኞ ዕለት አራት ጣት ይዞ፣ አምስት የያዘ መስሎት ነበር። ትናንት ጭራሽ ዝሎ ቀረ፤ ማንኪያ እንኳ አይዝም። ዛሬ ሸሚዙን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። ‹እጁ የሞተ ነጋዴ ገበያ አይወጣም፤ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለወንድምሽም› አለኝ።»

ይርገዱ ፎጣውን አጣጥፋ ለቢሌ መለሰችለት።

«ሰው ሰዓቱን የሚያስረው በሚሠራበት እጁ ይዞ፣ በማይሠራበት እጁ ላይ ነው» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ግራቸው ላይ ያሰሩትን ሰሞኑን ወደ ቀኝ አዛወሩ። መጨበጥም ትተዋል። ቀለሙ ግራ እጃቸው ላይ ብቻ ነው፤ መስመሮቹም ባልለመደ እጅ የተሰመሩ ናቸው። ግመሎቹን የቀቡት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። ከቀቡ አስረክበዋል፤ ዋጋው አልፈረሰም። ዋጋው ካልፈረሰ ደግሞ ሽመክት ለምን ይገድላቸዋል? የሚያተርፈው እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ነው።»

ወደ ዐብዲፈታሕ ዞረች።

«ፈርሷል ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ያውም በሞተ እጅ ተጨብጠህ። ደግሞ ቤንዚን ትሸታለህ። አይሱዙ የሚሄደው በናፍጣ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ፉርጎ ቀቢ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ቀለሙን ከእጁ የሚያስለቅቀው በቤንዚን ነበር። ጋራዥ የሄድከው ለዚያ ነው። ሽመክት ከወጣ በኋላ እዚህ ነበርክ።»

ዐብዲፈታሕ ገንዳውን አየ። ሲናገር ቁጣው ሁሉ አልቆ ነበር።

«በድርቁ ጊዜ ለእነዚህ ግመሎች በመኪና ውሃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ስድስት ወር ሙሉ ከነሱ ጋር ሜዳ ላይ አደርኩ። እሱ በአንዲት ጣት ስህተት ላቤን ሲሰጥ አየሁ። ብሩሹን ልቀማው እጅጌውን ሳብኩት፤ ወደ ኋላ ሸሸ። ሲወድቅ እጄን ዘረጋሁለት። ቀኝ እጁን ይዤው ነበር። እሱ ግን አልያዘኝም። ከእጄ ተንሸራቶ ሄደ። ተቀይሞኝ ነው ብዬ ነው… እጄን ተጠይፎ ነው ብዬ።»

ከዚያ እህቱን አያት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

ዓብዩ ዐብዲፈታሕን ይዞ፣ ሰው እንዳያየው በጓሮው በር ወደ ደቻቱ አሸዋ ወረደ። ቢሌ ዘመዱን ሊያረጋጋ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደ።

ሽመክት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ ዐስሊ ተጠጋ። «ሃምሳውን እከፍላለሁ» አለ።

«ይህችን ሰኞ ዕለት ብትላት ኖሮ አባቴ ዛሬ በሕይወት ነበረ» አለችው። «አባቴ በአርባ ሸጧል። በአርባ ንዳ።»

ይርገዱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ልትቀመጥ አሰበችና ትታው ቆመች። የሐጂን ምሳሌ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ የተናገሩት አልጠፋም። ይህን ያለው ሰው ልጅ ወልዶ ያውቅ እንደሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረች።

ዐስሊ ጎንበስ ብላ ብሩሹን ከመሬት አነሣች። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረውን ቀለም አጥቅሳ፣ ያልተቀቡት ሦስት ግመሎች አንገት ላይ በቀኝ እጇ ሁለት ሁለት ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች፤ ከዚያም የበረቱን በር ለሽመክት ከፈተችለት።