በሃያ ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ የታየችው ልጅ

ከጅምሩ ልንገራችሁ፣ እኔ መንፈስ፣ ምትሃት፣ ምናምን ሲባል ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰውን ነው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ ይሄ ጠባዬ ደግሞ ለሥራዬ ተስማምቶኛል። ዲላ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፣ ስሙ ይቅር፣ የሃያ ሦስት ኮምፒውተር ደንብ ከአንድ ሰርቨር የማወጣው እኔ ነኝ፣ ማን ፍላሽ ይሰካል፣ ማን ምን ይጭናል፣ ስክሪን ላይ ምን ፎቶ ይታያል፣ አንዴ ካዘዝኩ ጠዋት ሲከፍቱት ሁሉም ጋ ያው ነው።

አምና ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ብቻ ይሁን አሉ፣ አንዱ የማርያምን ሥዕል፣ አንዱ ኳስ ተጫዋች፣ አንዱ የሠርጉን ፎቶ ለጥፎ ቢሮው ፎቶ ቤት መስሎ ነበር። አደረግኩት፣ እግረ መንገዴን የቆዩ ፋይሎችንም ጠራረግኩ። ለካ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ብርሃኔ፣ ስልካቸው ከተሰረቀ ወዲህ፣ የልጃቸው የሜሮን ፎቶ የቀራቸው እዚያ ስክሪን ላይ ብቻ ኖሯል። ሜሮን ዐረብ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፣ ድምጿ ከጠፋ ሦስት። ፎቶውን የተነሳችው ኮንጋ፣ አጎቷ ደጅ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሳ ነው። እመኑኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩት፣ የለም። እትዬ ብርሃኔ «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» ብለው ወደ መዝገባቸው ተመለሱ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የወርቃ ቅርንጫፍ ሠራተኛችን ደወለና ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ማን ናት አለኝ። ወጥቼ ባይ አዳራሹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ሜሮን ቆማለች። ማንን እንደጠረጠርኩ መቼም አይጠፋችሁም፣ ሴትዮዋ ፎቶውን ደብቀው ኖሮ የፓስወርድ ወረቀቴን ከመሳቢያዬ አይተው ነው አልኩ፣ ለሥራ አስኪያጁም ሹክ አልኩ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ግን ሰርቨሩን ስከፍት የታዘዘው ያው ዓርማው ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ፋይሉ ዓርማ፣ ስክሪኑ ሜሮን።

የእትዬ ብርሃኔን የኮምፒውተር መግቢያ ዘጋሁ፣ የኮምፒውተራቸውን የኔትወርክ ገመድ ነቀልኩ፣ ፓስወርዴን ቀየርኩ፣ ማክሰኞ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ከጥግ በኩል አንዲት ቀጭን ቲክ የምትል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ማሽኖቹ አንድ በአንድ ማራገቢያቸው እየተነፈሰ ተነሱ፣ ገመዱን የነቀልኩትም አብሮ። ሁሉም ላይ ሜሮን ወጣች።

እትዬ ብርሃኔ ሲገቡ ስክሪኑ ፊት አቆምኳቸውና እውነቱን ይንገሩኝ አልኳቸው። አማተቡና አተኩረው አዩ።

«እኔ ጋ የነበረው ፎቶ ይሄ አይደለም» አሉ። «የኔዋ ዩኒፎርም ለብሳለች። ይቺ ከስታለች።»

እውነታቸውን ነው፣ የሰኞዋ ዩኒፎርም ለብሳ ከኋላዋ እንሰት ነበር፣ የማክሰኞዋ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ነው። ረቡዕ ደግሞ ሌላ ሆና መጣች፣ ሐሙስም ሌላ። እትዬ ብርሃኔ በየጠዋቱ ወንበር ስበው ፊቷ ይቀመጣሉ፣ ዛሬ ደህና እንቅልፍ ተኝታለች ይሉኛል፣ ዛሬ አልቅሳለች ይሉኛል፣ እኔ ምን ልበል፣ በየቀኑ ሳያት ያሉት ሁሉ ልክ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ከዞን ጎብኚ ይመጣል ተባለና ሥራ አስኪያጁ ያቺን ልጅ ነገ እንዳላያት አሉኝ። እትዬ ብርሃኔ ሰምተው ቢሮዬ መጡ።

«ሌላ ወሬዋን የማገኝበት የለኝም» አሉኝ። «ተዋት።»

እውነቱን ልናገር፣ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የገዛ ማሽኖቼን ነበር የፈራሁት። በማግስቱ ማልጄ ገብቼ የስክሪኑን ፎቶ ደንብ ከነሥሩ ሰረዝኩት፣ ስክሪኑ ሁሉ ባዶ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

እትዬ ብርሃኔ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ በሬን ገፋ አድርገው «ዛሬስ?» ይሉኛል፣ እኔም ሲስተሙ ተስተካክሏል እላቸዋለሁ። ከመሰረዜ በፊት ያየሁትን ግን አልነገርኳቸውም። የዚያን ጠዋት ሜሮን በጣም ቀርባ ፊቷ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ አፏን ከፍታ የሆነ ነገር መናገር ጀምራ ነበር።